የእትዬ መጋረጃ ብሎኖች

መጋረጃ የሚሏት መጋረጃ ስለምትሰፋ አይደለም። እርግጥ ትሰፋለች። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለችው ጠባብ ሱቋ ውስጥ የማትሰፋው ነገር የለም፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የትራስ ልብስ፣ የተበላሸ ዚፕ፣ ያጠረ ሱሪ፣ የረዘመ ሱሪ፣ መጋረጃም ጭምር። አዲስ ደንበኛ ስሙን ሲሰማ ከሥራዋ የወጣ ይመስለዋል፤ ማንም አያርመውም። የስሙን ምክንያት የሚያውቁት ስትስቅ ያዩዋት ናቸው። ሳቅ ሲመጣባት ቀኝ እጇ ብድግ ይልና አፏን ከአፍንጫዋ እስከ አገጯ ይጋርደዋል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ትከሻዋ ብቻ ነው። ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ እንባ ያቀራል፤ ድምፅ ግን የለም። ሳቁ ሲያልፍ እጇ ይወርዳል፣ ወደ ስፌት መኪናዋም ትመለሳለች።

ቃሉን መሸሽ አያስፈልግም፤ ገጣጣ ናት። የላይኛው ከንፈሯ ቢለጠጥ ቢለጠጥ የፊት ጥርሶቿን ሸፍኖ አያውቅም። ልጅ ሳለች አብረዋት የሚማሩት፣ “አንቺማ ዝናብ ቢዘንብ አገጭሽ አይረጥብም” ይሏት ነበር። ልጆች ሲጨክኑ ጭካኔያቸው ለከት የለውም። እሷም አልተጣላቻቸውም፤ እጇን አነሳች፣ በዚያው ቀረ። ሃያ ዓመት ሳይሞላት ደግሞ መንጋጋዎቿ ታመሙ። ያን ጊዜ የታመመ ጥርስ ይነቀላል እንጂ ይታከማል የሚል ሰው አልነበረም፤ በቀኝም በግራም ነቀሉላት። ነቃዩ ሥራውን ሲጨርስ፣ “የፊቶቹን ብነቅልልሽ ነበር የሚሻልሽ” ብሎ ቀለደባት። በቀልዱ የሳቀችው እሷ ራሷ ናት፤ ያውም በደነዘዘ አፏ፣ በእጇ ውስጥ።

ለሥራዋ ግን እነዚያ የፊት ጥርሶች ባለውለታዎቿ ነበሩ። ክር የምትበጥሰው በነሱ ነው፤ መቀስ አጠገቧ ተቀምጦ። ልብስ ስትለካ ስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛ፣ አንድ በአንድ እየመዘዘች ጠርዙ ላይ ትሰካለች። ስፒል በአፏ ይዛ የምታወራውን ወሬ ደንበኞቿ ለምደውታል፤ አንድ “እም” ማለት ዙሪ ማለት ነው፣ ሁለት “እም እም” ደግሞ አትንቀሳቀሺ ማለት ነው።

ባሏ አናጢ ነው፤ የሱ ሱቅና የሷ ሱቅ የሚለያዩት በአንዲት ስስ ግድግዳ ነው። ሰውየው ጥርስ የማያስከድን ተጫዋች ነው። የተዋወቁት መደርደሪያ ሊሠራላት የመጣ ጊዜ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ተናገረ፣ እጇ ተነሳ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እሱም መሮውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የግማሽ ቀን የነበረው ሥራ ከዚያ በኋላ ሊያልቅ አልቻለም፤ አንዴ እንጨቱ ጠመመ፣ አንዴ ኮላው አልደረቀም፣ አንዴ ልኩን ረሳሁት እያለ ተመላለሰ። መደርደሪያው ሲያልቅ ተጋቡ። ከዚያ ወዲህ የዚህ ሰው የቀን ሥራ እንጨት መላግ ነው፤ የዕድሜ ልክ ሥራው ግን ያንን እጅ ማስነሳት ነው።

አንዲት ልጅ ወለዱ። ልጅቷ የወተት ጥርሷ ሲወልቅ እናትየዋ ዕረፍት አጣች። በየጠዋቱ ልጇን መስኮት አጠገብ አቁማ፣ “እስቲ አፍሽን ክፈቺ፣ እስቲ ወደ ብርሃኑ ዙሪ” እያለች አዲሱ ጥርስ በየት በኩል እንደሚበቅል ታያለች። ጥርሶቹ እንደ አባትየው ቀጥ ብለው ተሰድረው ሲወጡ ደስታዋን መቆጣጠር አቅቷት አለቀሰች። አባትየውም፣ “የኔ ጥርስ እንዲህ የሚለቀስለት መሆኑን ባውቅ ኖሮ ጠዋት ጠዋት ደህና አድርጌ እቦርሸው ነበር” አላት።

አሁን ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጓደኞቿ ጋር ሱቁ በር ላይ ቆመው ያወራሉ። አናጢው ከነሰጋቱራው ብቅ ብሎ አንድ ቀልድ ጣል አደረገላቸው። ልጆቹ ፍርፍር ብለው ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች፤ ቀኝ እጇ ብድግ ብሎ አፏን ከአፍንጫዋ እስከ አገጯ ጋረደው። እናትየዋ ከውስጥ ሆና አየች። በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ልትውጠው ምንም አልቀራት። ያንን የመሰለ ጥርስ! ጥርሱን ከአባቷ ወስዳ እጁን ከእናቷ ወሰደች ማለት ነው። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ አፍራ የኖረችውን እፍረት፣ የሚያሳፍር ነገር ለሌላት ልጅ አወረሰች።

ማታ እራት ላይ ለባሏ ነገረችው።

“ልጅ ናት፤ ስታድግ ይተዋታል” አላት።

“እኔን ተወኝ?”

እሷም እዚያው ወሰነች፤ እጁን የጀመረችው እሷ ናት፣ ማውረድ ያለባትም እሷ ናት። እጇን ለማውረድ ደግሞ ጥርሷን ወደ ኋላ መመለስ አለባት። ልጅቷ እናቷን አፏን ሞልታ ስትስቅ ካየች እሷም ትተወዋለች።

“በዚህ ዕድሜሽ?” ያላት ሰው ብዙ ነው። በየትኛው ዕድሜዋ ኖሯል የተፈቀደላት? በልጅነቷ ያየላት አልነበረ፣ በወጣትነቷ የነቀሉባት እነሱ፣ አሁን ደግሞ አርጅተሻል ይሏታል። ጆሮዋን ሳትሰጣቸው ሄደች።

ጥርስ የምታስተካክለው ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ መነጽር አላት፤ ስትናገር ለስለስ፣ ስታይ ጠበቅ የምታደርግ ዓይነት። ራጁን ግድግዳው ላይ ባለው መብራት አስደግፋ ረጅም ጊዜ አየችው።

“እትዬ፣ ምን እንዲሆንልዎ ነው የሚፈልጉት?”

“ልጄ እጇን እንድታወርድ” አለችና ነገሩን ከጥንቱ ጀምራ ነገረቻት። ሐኪሟ አላቋረጠቻትም። ብዙ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ብዙ ነገር ጠይቋት ያውቃል፤ ስለ ሌላ ሰው እጅ የመጣባት ግን ይህች የመጀመሪያዋ ናት።

“ይሄውልዎ፤ እኛ ጥርስን የምንስበው በጥርስ ነው” አለች ሐኪሟ። “ሽቦ አስረን፣ የፊቶቹን ወደ ኋላ ለመሳብ የኋላዎቹን እንደ መደገፊያ እንይዛለን። የእርስዎ የኋላ ጥርሶች ግን አብዛኞቹ ተነቅለዋል። የቀሩት ብቻቸውን አቅም የላቸውም። ብስብባቸው የፊቶቹ ወደ ኋላ በመምጣት ፋንታ የኋላዎቹ ወደ ፊት ይመጣሉ።”

ሰፊዋ አሰበች። “ጫፉ ያልተቋጠረ ክር ማለት ነዋ። ቀሚስ ስሸነሽን ክሩን ካልቋጠርኩት፣ ስስበው ጨርቁ አይሰበሰብም፤ ክሩ ተመዞ ይወጣል።”

“ልክ ነው። እኔ ልቋጥርልዎ የምፈልገው አጥንቱ ላይ ነው። ትንንሽ ብሎኖች አሉ። በቀኝና በግራ፣ በጥርሶቹ ሥር መካከል እንተክላቸዋለን። ላስቲኩን ከነሱ እንስባለን። ጥርሶቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ብሎኖቹ ይወጣሉ፤ ለዘለዓለም አይኖሩም።”

አናጢው ይህን ሲሰማ አበደ። “አጥንት ላይ ቪቴ? ሰው ነሽ ቁም ሣጥን?” አለ። ከሱቁ የቪቴ ሣጥኑን አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈና የቱን እንደሚያክል አሳዪኝ አላት። እሷም ከመካከላቸው አንዱን፣ የመሳቢያ እጀታ የሚያስርበትን አጭሩን አነሳችና፣ “የዚህን ሩብ” አለችው። እዚህ ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። የተከላው ቀን ግን ብቻሽን አትሄጂም ብሎ ተከተላት፤ እጇንም ይዞ አጠገቧ ቆመ።

መርፌው ትንሽ ቆነጠጣት፤ ከዚያ ወዲያ ሕመም የሚባል ነገር አልነበረም። ሐኪሟ የእስክሪቢቶ ክዳን በምታህል እጀታ ብሎኗን ቀስ እያለች ስታዞር የተሰማት ግፊት ብቻ ነው። ድንገት የያዛት እጅ ላብ በላብ ሆነ። ቀና ብላ ብታይ ባሏ ፊቱ አመድ መስሏል። ረዳቷ ወንበር ሰጠችው፣ ውሃም አመጣችለት። ማደንዘዣው ለሚስት ተሰጥቶ ባል ደነዘዘ። ነፍሱ መለስ ሲልለት የመጀመሪያ ጥያቄው፣ “ያችን ካቻቢቴ የት ነው የሚሸጧት?” የሚል ነበር።

ሽቦውንና ላስቲኩን አስራ ሲያበቃ፣ ሐኪሟ ከመሸኘቷ በፊት መከረቻት። በብሎኖቹ ዙሪያ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፣ በምላስም በጣትም አለመነካካት፣ ጠንካራ ነገር አለመንከስ። “ደግሞ ሰፊ ነኝ ብለውኛል። ክር በጥርስ መበጠስ ቀረ። ስፒል በአፍ መያዝም ቀረ።”

“ታዲያ በምኔ ልሥራ?” አለች ከልቧ።

መጀመሪያ አካባቢ መከራዋን አየች። እጇ ስፒል ፍለጋ ወደ ከንፈሯ ይሄድና ባዶውን ይመለሳል። በኋላ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንሽ ትራስ ሰፍታ እንደ ሰዓት አንጓዋ ላይ አሰረችና ስፒሎቹን እዚያ ላይ መሰካት ጀመረች። ደንበኞቿ ደግሞ አንድ ያልጠበቁት ነገር ደረሰባቸው። አፏ ከስፒል ነፃ ሲወጣ ሴትዮዋ ለካ ወሬኛ ኖራለች። ለዓመታት በ“እም” ሲግባቡ የኖሩት ሰዎች ስለ ትከሻቸው አወራረድ፣ ስለ ዳሌያቸው፣ ስለመረጡት ቀለም ዝርዝር አስተያየት ይሰሙ ጀመር። አንዳንዶቹ ስፒሉን ተመኙት።

ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የስልኳን መብራት አብርታ የእናቷን አፍ ታያለች። “ቀይ ነገር የለውም፤ እዚህ ጋ ግን አላጸዳሽም” ትላታለች እንደ ትልቅ ሰው። እናትየዋም እሺ ብላ ትታዘዛለች። ጥርሶቹ ዓይን የማያየው እርምጃ እየተራመዱ ነበር። አንድ ጠዋት ከንፈሯ ሳታስበው ግጥም ሊል ትንሽ ሲቀረው መስታወት ፊት ቆማ ራሷን አየች። ሌላ ሰው ያየች መስሏት ደነገጠች፤ ቀጥሎ ደስ አላት።

እንዲህ ደህና ሲሄድ የነበረውን ነገር ያበላሸው ቲያትር ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን ለሚታይ ቲያትር ተመረጠች። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ይጣላሉ፤ አንዲት ሴትዮ መጥታ በሳቋ ታስታርቃቸዋለች። ልጅቷ ሳቂዋን ሴትዮ ሆናለች። በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ጣል አድርጋ፣ “መምህሯ እጅሽን አውርጂና ሳቂ አለችኝ” አለች። እንደ ዋዛ ተናግራ ዳቦ ልትቆርስ ሄደች።

እናትየዋ ግን እንደ ዋዛ አልሰማችውም። ሕዝብ ፊት ልጇ እጇን አፏ ላይ ይዛ ስትቆም፣ ሰው ሲንሾካሾክ፣ ያ የዝናብ ቀልድ ከተቀበረበት ሲነሳ ታያት። ከቲያትሩ በፊት መሳቅ አለባት፤ ልጅቷ ማየት አለባት።

በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሟን ለመነቻት። እስከዚያ ድረስ ተላምደው መጋረጃ ሐኪሟን ‘አንቺ’ ማለት ጀምራ ነበር። “ልጄ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርጊልኝና ቶሎ ይሂድ።”

“እትዬ፣ አጥንት ጥድፊያ አያውቅም። ለስለስ ብሎ ሲሳብ ነው የሚታዘዘው” አለችና አዲስ ላስቲክ ቀይራላት ሸኘቻት።

ሱቅ ስትመለስ መስታወት አንስታ አየችው። ላስቲኩ ከብሎኗ እስከ ሽቦው መንጠቆ ተዘርግቷል። በጣቷ ነካ አደረገችው። ልል ነው! ዕድሜዋን በላስቲክ ላይ ያሳለፈች ሴት ናት፤ በሷ ቤት ልል ላስቲክ ማለት በአደባባይ የሚወድቅ ጉርድ ቀሚስ ማለት ነው። ሐኪሟ ስለ ጥርስ ብታውቅም ስለ ላስቲክ አታውቅም ብላ ደመደመች። መሳቢያዋን ከፈተች፣ የሕፃናት ልብስ እጅጌ የምትሰበስብበትን ቀጭን ላስቲክ አወጣች፣ ደረበችው። በወረንጦ እየታገለች የቀኙን ብሎንና መንጠቆውን አንድ ላይ ጠፍራ አሰረች። ቋጠሮው ቁልፍ ስትተክል የምትቋጥረው ነው፤ ቁልፉ ይሰበራል እንጂ እሱ አይፈታም። ግራው አልመች ስላላት ለነገ አሳደረችው።

ጥርሷ ጨምድዶ ያዛት። ጥሩ፣ እየሠራ ነው አለች። በማግስቱ አመማት፤ ጥርሷን ነክሳ ልትችለው ብትልም እሱም የሚነከስ ጥርስ አልሆነላትም። ቀናት ሲያልፉ በብሎኗ ዙሪያ ያለው ድድ አበጠ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዩኒፎርም እየሰፋች ምላሷ ሳታስበው ወደዚያ ሄደ፤ ብሎኗ ተንቀሳቀሰች። የስፌት መኪናዋን አቆመች።

ለማንም አልተናገረችም። ልጅቷ መብራቷን ይዛ ስትመጣ፣ “ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል” አለቻት። እራት ላይ ሾርባ ብቻ ጠጣች። አናጢው ከቀልዶቹ ሁሉ አሉኝ የሚላቸውን እያወጣ ሞከረ፤ እጇ አልተነሳም። ይህን ጊዜ ሰውየው በእውነት ፈራ። ልጅቷ ክፍሏ ስትገባ ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

“ምን ሆነሻል?”

ነገረችው። ላስቲኩን፣ ቋጠሮውን፣ መላላቱን። የሙያው ነገር ቀደመው። “እኛ ቪቴ ሲላላብን የክብሪት እንጨት ኮላ ነካ እናደርግና ቀዳዳው ውስጥ…” አለና ዓይኗን ሲያይ ቀሪውን ዋጠው። “እንዲያው ለወሬ ነው ያልኩት። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።”

ሐኪሟ መብራቷን አስጠግታ አየች።

“ይህን ማን ነው የቋጠረው?”

“እኔ ነኝ” አለች መጋረጃ፤ ድምፅዋ የተማሪ ሆነ።

ሐኪሟ መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ያስታውቅባታል። ግን ቋጠሮውን ልትፈታው ብትታገል ብትታገል ወይ ፍንክች አለ፤ በመጨረሻ በመቀስ ቆረጠችው። “እኔ የማስረው ይህን ያህል ቢጠብቅ ምን ነበረበት” አለች ለራሷ፤ ቁጣዋም በዚያው በረደ። ብሎኗ ያለ ማደንዘዣ፣ በጣት ዞራ ወጣች። መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻት። ለዚህች ለማትታይ ነገር ነበር እንዲህ የተለፋው።

“አጥንቱን ከአቅሙ በላይ ነው የሳቡበት፤ ለቀቀው። የግራዋ ደህና ናት። ቁስሉ ይዳንና ከፈለጉ ትንሽ ወደ ኋላ፣ አጥንቱ ወፈር ካለበት ቦታ ሌላ እንተክላለን። እሷም ላለመላላቷ ግን ቃል አልገባልዎትም። ካልፈለጉ ደግሞ እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል። ጥርሶችዎ ከድሮው ብዙ ተመልሰዋል፤ ባሉበት እናጸናቸዋለን። እርስዎ ያስቡበት።”

ወደ ቤት በእግራቸው ተመለሱ። መንገድ ላይ አለቀሰች። “ለልጄ ብዬ ጀምሬ በገዛ እጄ አበላሸሁት” አለች። ቲያትሩ ደግሞ ደርሷል። አናጢው ትከሻዋን አቅፎ ዝም ብሎ አብሯት ተራመደ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከሱ አይታ አታውቅም ነበርና ትንሽ አጽናናት።

የቲያትሩ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊቷም ከኋላዋም የተቀመጠው ወላጅ ሁሉ ደንበኛዋ ነው፤ የለበሰውን ልብስ ስፌት ሳይቀር ታውቀዋለች። ባሏ አጠገብ ተቀመጠችና የፕላስቲክ ወንበሯን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። መድረክ ላይ ሁለቱ ጎረቤታሞች ተጣሉ፣ ተሰዳደቡ፣ እንጨት አነሱ። ልጅቷ ገባች።

አንገቷ ላይ ሜትር ጠምጥማለች። ከንፈሯ ላይ ከገለባ የተሠሩ ስፒሎች ሰክታለች። አንዱን ተጣይ ትከሻውን ይዛ፣ “እም” ብላ አዞረችው። ሁለተኛውን፣ “እም እም!” ብላ ባለበት አቆመችው። ክር መዘዘችና በጥርሷ በጠሰች። ከኋላ አንዲት ሴት፣ “እንዴ! እትዬ መጋረጃ!” ብላ ጮኸች።

እናትየዋ ደርቃ ቀረች። ሕዝብ ፊት እሷን! ያ ሁሉ የልጅነት እፍረት ባንድ ጊዜ መጣ፤ ተነስታ ልትወጣ ፈለገች፣ የሞላው ወንበር ማለፊያ አልሰጣትም። መድረክ ላይ ደግሞ ልጇ ስፒሎቿን ከአፏ አውጥታ ተጣዮቹን ትክ ብላ አየቻቸው። ሳቅ መጣባት። ቀኝ እጇ ተነሳ፤ አፏን ከአፍንጫዋ እስከ አገጯ ጋረደው። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ድምፅ የለም፤ ትከሻ ብቻ። ተጣዮቹ ያንን ትከሻ አዩ። አንደኛው ከንፈሩን ነከሰ፤ ሁለተኛው እንጨቱን ጣለ፤ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። አዳራሹም አብሯቸው ፈረሰ።

እናትየዋ ዙሪያዋን አየች። የጠበቀችው ዓይነት ሳቅ አልነበረም። ሰዎቹ ወደሷ እየዞሩ ይስቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ያለው ግን ሰው የሚወደውን ሰው ከሩቅ ሲያይ የሚፈጠር ብርሃን ነው። አንዲት አሮጊት ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ “እሷን እኮ ናት! ቁርጥ እሷን!” ይላሉ። ባሏ ሆዱን ይዞ ታጥፏል። መድረክ ላይ ያለችው ሴትዮ እውነትም ታስቅ ነበር። ታምርም ነበር። መጋረጃ ራሷን ከውጭ ያየችው በዚያ ቀን ነው። ከሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ፈንቅሎ መጣና ከት ብላ ሳቀች። ወፍራም፣ ጎርነን ያለ፣ ቤት የሚሞላ ሳቅ ነው። ሽቦዋም፣ የቀረችው ብሎኗም፣ ገና ያልዳነው ቁስሏም ሁሉ በአደባባይ ታየ፤ እጆቿ ወንበሩን እንደጨበጡ ናቸው። አናጢው ሳቁን ባንድ ጊዜ አቁሞ ዞር አለ። ከዚህች ሴት ጋር ይህን ሁሉ ዘመን ኖሯል፤ የሳቋን ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

“ይሄ ያንቺ ነው?” አላት። እሷ መመለስ አልቻለችም፤ እየሳቀች ነበር።

ቲያትሩ ሲያልቅ ልጅቷ እጆቿን ወደ ጎን ዘርግታ፣ ጥርሷን በሙሉ አሳይታ፣ ለጭብጨባው እጅ ነሳች።

ውጭ ግቢው ውስጥ እናትየዋ ልጇን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ያንን ያንገበገባትን ጠየቀቻት።

“መምህሯ እጅሽን አውርጂ ብላሽ አልነበር?”

“ብላኝ ነበር። ከዚያ የእማዬ ሳቅ ነው አልኳት። አንቺን ልሁን ብዬ ጠየቅኋት፣ እሺ አለች።” ልጅቷ ሜትሩን ከአንገቷ እየፈታች ነበር። “አባዬ ቀኑን ሙሉ የሚለፋው እሱን ለማየት አይደል? በጣም ሲያስቀኝ እኔም እንዳንቺ ነው የምስቀው። ደስ ይለኛል።”

“ጥርስሽን ለመደበቅ አይደለም?”

ልጅቷ ግራ ተጋብታ እናቷን አየቻት።

“ጥርሴ ምን ሆነ?”

ቁስሉ ሲጠግግ መጋረጃ ብቻዋን ወደ ሐኪሟ ሄደች። ባሏን ሱቅ ጠብቅ ብላ ትታዋለች፤ ሌላ በሽተኛ ይዞ መሄድ አላማራትም። ሐኪሟ ድዱን አየች፤ ጥሩ ነው አለች፣ መነጽሯንም አወለቀች።

“እሺ እትዬ፣ ልጅዎ እጇን አወረደች?”

“የልጄ እጅስ ድሮም የታሰረ አልነበረም። እኔ ነኝ እንደዚያ ያየሁት” አለችና ስለ ቲያትሩ ነገረቻት። ሐኪሟ እየሳቀች ሰማች።

“እንግዲያው ሐሳብዎ ሞልቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ይብቃን? ሁለተኛ መወጋቱም መጠበቁም ይቀርልዎታል።”

መጋረጃ አዳራሽ ውስጥ ከአፏ የወጣውን ድምፅ አሰበችው። ደስ የሚል ድምፅ ነበር፤ ይህን ያህል ዘመን የት ቆይቶ ነው?

“አይብቃን” አለች። “የመጀመሪያዎቹን ብሎኖች ለልጄ ብዬ ነው ያስተከልኳቸው። ይሄኛው የኔ ነው።”

ከዚያ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፋ አፏን ከፈተች።